ስንት በስንት? ፎቶ ከማሳጠባችሁ በፊት

ፎቶ ቤት ስትገቡ ልጁ ፍላሻችሁን ይቀበላል፣ ይሰካዋል፣ ቀና ይልና «ስንት በስንት?» ይላችኋል። አብዛኞቻችን ማሰብ የምንጀምረው ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ናሙናዎች አየት አየት እናደርግና «እንደዚያኛው» ብለን በጣት እናሳያለን። ልጁም ቸኩሏል፣ ከኋላችን ሌላ ሰው ቆሟል፣ በአንድ ክሊክ ፎቶውን ለወረቀቱ ልክ ያደርገዋል። ምን እንደተቆረጠ የምናየው ቤት ገብተን ነው።

እኔን ይሄ ነገር ያሳሰበኝ ከእህቴ ሰርግ በኋላ ነው። ድሬዳዋ ነው፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ስር። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ መስመር ሆነን ተነሳን። አያቴ ብዙ መቆም ስለማትችል ቀኝ ዳር ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ካሜራ ማኑ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ አስገባን፣ አንድም ሰው አልጣለም። እናቴ ደግሞ ፍሬሙን ቀድማ ገዝታዋለች፣ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ወርቃማ፣ ታይዋን ገበያ ዞራ የመረጠችው። ፎቶ ቤቱ በፍሬሙ ልክ አጠበው። ከፖስታው ሳወጣው በቀኝ በኩል የአያቴ ጉልበትና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ቀርቷል። ፊቷ የለም። በግራ በኩል አጎቴ ግማሽ ትከሻ ሆኗል። እናቴ አየችው፣ ገለበጠችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላለችም።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ስሠራው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የካሜራው ፎቶ ርዝመቱ ከወርዱ ጋር ሲነጻጸር 3 በ2 ነው። 20 በ25 የሚባለው ወረቀት 5 በ4 ነው። ያኛው እዚህኛው ውስጥ ሞልቶ ይግባ ከተባለ ከርዝመቱ ከስድስት አንድ እጅ መሄድ አለበት። የአሥራ ሁለት ሰው ስድስተኛ ስንት ነው? ሁለት። አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከግራ። ሳይጠይቁን መቁረጣቸው ልክ አልነበረም፣ ግን እኛም ፍሬሙን ስንገዛ ፎቶውን አላሰብነውም፣ ካሜራ ማኑም ሲያነሳን ወረቀቱን አላሰበውም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከዚህ ጀምሩት። መጀመሪያ ፎቶው የት እንደሚኖር ወስኑ፣ አልበም ውስጥ ነው፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው፣ ወይስ ለዘመድ በፖስታ የሚላክ ነው። ከዚያ መጠኑን ምረጡ። ከዚያ ራሳችሁ ቁረጡት፣ ክሮፕ አድርጉት። ፎቶ ቤት የምትሄዱት መጨረሻ ላይ ነው። ወረቀቱ ሳይቆርጥባችሁ እናንተ ቁረጡት።

ቅርጽና ወረቀት

ሬሾ የሚሉት ነገር አያስፈራም። ረጅሙን ጎን ለአጭሩ አካፍሉት፣ የሚመጣው ቁጥር የፎቶው ቅርጽ ነው። በቃ።

የስልክ ካሜራ ሴቲንጉን ካልነካካችሁት 4 በ3 ነው የሚያነሳው፣ ሲካፈል 1.33። የሰርግ ካሜራ ማኖች የሚይዟቸው ካሜራዎች ደግሞ አብዛኞቹ 3 በ2 ናቸው፣ 1.5። ይሄ ቅርጽ የፊልም ዘመን ውርስ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንዱ ፎቶ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በፈረንጆቹ 1925 ላይካ የሚባለው ካሜራ ገበያ ላይ ከወጣ ወዲህ ዓለም ለመደው፣ ዲጂታሎቹም እንዳለ ወሰዱት። ቪዲዮ 16 በ9 ነው፣ 1.78፣ በጣም የተለጠጠ። ኢንስታግራም ላይ ለረጅም ጊዜ ያየነው ቁመታም ፎቶ 4 በ5 ነበር።

ስልካችሁ ላይ «ፉል» የሚል ምርጫ ካለ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስክሪኑን ሞልቶ ሲታይ ብዙ ያነሳ ይመስላል። በእውነቱ ግን የካሜራው ዓይን 4 በ3 ነው፣ «ፉል»ም 16 በ9ም ካሬውም ከዚያ ላይ ተቆርጠው የሚወጡ ናቸው። ሁልጊዜ በ4 በ3 አንሱ። መቁረጥ በኋላም ይቻላል፣ የተቆረጠን መመለስ ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። 10 በ15፣ ያ ፖስትካርድ የምንለው፣ 20 በ30፣ 30 በ45፣ 40 በ60፣ 50 በ75፣ እነዚህ ሁሉ 1.5 ናቸው። የካሜራ ቤተሰቦች በሏቸው። 15 በ20፣ 30 በ40፣ 45 በ60 ደግሞ 1.33፣ የስልክ ቤተሰቦች። 20 በ25 እና 40 በ50 አጠር ደፈጠጥ ያሉ ናቸው፣ 1.25። 13 በ18፣ 50 በ70 እና ኤ4 መሃል ላይ ናቸው፣ 1.4 አካባቢ፣ ከሁለቱም ቤተሰብ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ያስታርቃሉ።

30 በ40 እና 30 በ45ን አስተውሉ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስታዩአቸው ልዩነታቸው አምስት ሴንቲ ሜትር ናት፣ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ግን የካሜራ ፎቶ 30 በ40 ላይ ሞልቶ ሲታጠብ ከርዝመቱ ከዘጠኝ አንድ እጅ ይሄዳል። የስልክ ፎቶ 10 በ15 ላይ ሲታጠብም እንዲሁ ከዘጠኝ አንድ እጅ ይሄዳል፣ በዚህኛው ከአጭሩ ጎን፣ ማለትም ስልኩን አጋድማችሁ ካነሳችሁ ከላይና ከታች። ቆሞ የተነሳ ሰው እግሩ ወይም ፀጉሩ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ያው የስልክ ፎቶ 20 በ25 ላይ ሲሄድ ግን የሚያጣው ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ የእናቴ ፍሬም መጥፎ ፍሬም አልነበረም። ለስልክ ፎቶ ቢሆን ይስማማ ነበር።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። በትልልቆቹ የፎቶ ማጠቢያ ማሽኖች ውስጥ ያለው ወረቀት ጥቅል ነው። ስፋቱ የተወሰነ ነው፣ 10፣ 13፣ 15፣ 20፣ 25፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ ግን ማሽኑ ቆርጦ የሚያወጣው ነው። ልጁ ካልሰነፈ 20 በ27 ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ያ ደግሞ የስልክን ፎቶ ሳይነካ ሙሉውን የሚያስገባ ልክ ነው። «በጥቅል ነው የምታጥቡት?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ከተባላችሁ ርዝመቱን እናንተ ንገሩት።

ነጭ ጠርዝ

የአያቴን ፎቶ ያተረፍነው በዚህ ነው። ፋይሉን ይዤ ሌላ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

«ወንድሜ፣ እንዳትቆርጠው። ሙሉውን አስገባና ነጭ ጠርዝ ተውለት።»

«አቦ ነጭ ሲሆን'ኮ አያምርም።»

«ግድ የለም፣ ሰዎቹ ሁሉ ይግቡልኝ።»

25 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 3 በ2 ፎቶ ቁመቱ 16 ነጥብ 7 ይሆናል። ስለዚህ ከላይና ከታች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አለፍ ያለ ነጭ ተረፈ። እዚያው ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ገባ። አያቴ ሙሉ ናት፣ እጇ ጭኗ ላይ፣ ጥለቱ እስከ ጫፉ ድረስ። እኔ ነጩን እወደዋለሁ፤ ዓይን ወደ ፎቶው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ያርፍበታል። እሱ ካልተዋጠላችሁ ደግሞ ፍሬም ሠሪው በፎቶውና በመስታወቱ መካከል የሚገባ ወፍራም ካርቶን፣ መሃሉ በፎቶው ልክ የተቆረጠ፣ እንዲሠራላችሁ ጠይቁት። ለድሬ ሙቀት ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። የሚያብረቀርቅ ፎቶ በቀጥታ ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ከኖረ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲገናኙበት ይለጠፋል፣ ያን ጊዜ ላላቅቅ ስትሉ ፊት ይዞ ይነሳል።

ሞልቶ፣ ያለ ነጭ ጠርዝ ሲታጠብም ማሽኑ ከየጎኑ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይበላል። የፍሬሙ ጠርዝም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ሸራ ላይ፣ ካንቫስ ላይ ካሳተማችሁት ደግሞ በእንጨቱ ጎን የሚታጠፈው ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ በየዳሩ ትርፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ስትቆርጡ ሰው ዳር ላይ አታጣብቁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ገና ሲነሳ መጠንቀቅ ነው። ብዙ ሰው በአንድ መስመር ስታነሱ በቀኝም በግራም የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ተዉ። ካሜራ ማን ቀጥራችሁ ከሆነም «ዳር ዳሩን ልቀቅልን፣ ፍሬም ይገባል» በሉት። የገባው ሰው ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

ፎቶው እስከ ምን ድረስ ያድጋል?

ፎቶ የሚያድገው ባለው ፒክስል፣ ማለትም በተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ልክ ነው። ስልኩ ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ ዝርዝሩን ስታዩ 4000 በ3000 የሚመስል ቁጥር ታገኛላችሁ። ለ120 አካፍሉት። 33 በ25 ይመጣል። ይህ እጅ ላይ ተይዞ፣ ቀረብ ተብሎ ቢታይ እንኳ ጥርት የሚል መጠን ነው በሴንቲ ሜትር። ለ80 ብታካፍሉት 50 በ37 ይመጣል፤ ይህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር ራቅ ተብሎ ለሚታይ በቂ ነው። ለ60 ካካፈላችሁ 66 በ50፤ ከሶፋ ማዶ ለሚታይ ይሄዳል። ከዚያ በታች ከወረዳችሁ ፊት መድከም ይጀምራል፣ ሽፋሽፍት ይጠፋል፣ የጥለት ክር አንድ ላይ ይዋሃዳል።

ፋይሉ ላይ 72 ወይም 300 ዲፒአይ የሚል ጽሑፍ ብታዩ አትጨነቁ። እሱ ማስታወሻ ብቻ ነው። ዋናው የፒክስሉ ብዛት ነው።

ቴሌግራም ላይ ስንመጣ ግን መጨነቅ አለባችሁ። ፎቶ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። 1280ን ለ80 አካፍሉት፣ 16 ሴንቲ ሜትር። ፖስትካርድ ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ይህንኑ ፎቶ 30 በ45 አሳድጉልኝ ብትሉ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 28 ፒክስል ብቻ ነው የሚደርሰው፣ ከ60 ግማሹ እንኳ አይሞላም። ፎቶ ቤቱ ያሳድግላችኋል፣ እምቢ አይልም። የሚወጣው ግን ጭጋግ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ላኪው «ፋይል» የሚለውን መርጦ ይላክ። ጂቡቲ ወይም አረብ አገር ያለ ዘመድ ፎቶ ሲልክላችሁ መጀመሪያ ይህን ንገሩት። ስክሪንሹት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። ከቪዲዮ ላይ የተያዘ ፎቶም፣ ቪዲዮው 1920 በ1080 ከሆነ፣ 24 በ13 ገደማ ነው አቅሙ።

መቁረጥም ፒክስል ይበላል። ሰርጉ ላይ ከተነሳው ትልቅ ፎቶ ውስጥ የአባታችሁን ፊት ብቻ ቆርጣችሁ ማሳደግ ትፈልጋላችሁ እንበል። ከ4000ው 1000 ብቻ ቢቀር፣ ለ80 ሲካፈል 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትንሽ ፍሬም ውስጥ ያምራል፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ አይሆንም። በጣት ዙም አድርጎ ማንሳትም ብዙ ጊዜ ያው መቁረጥ ነው። በእግራችሁ ቅረቡ።

የት ይቆረጥ?

ይሄኛው ክፍል ሂሳብ የለውም፣ ዓይን ነው። እኔ ዓይኔን ያሠለጠንኩት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው፣ እዚያ እያንዳንዱ ነገር ቅርጹን ራሱ ይነግራችኋል።

በቤቶቹ መሃል የሚሄዱትን ጠባብ መተላለፊያዎች ውሰዱ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለት ሰው ሲገናኝ አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፋል። ግድግዳው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ነው፣ ከላይ ቀጭን ሰማይ አለ። ይህን ፎቶ ቁመታም አድርጋችሁ በ2 በ3 ተዉት፣ 20 በ30 ሲታጠብ ያምራል። 4 በ5 አድርጋችሁ ካሳጠራችሁት ሰማዩ ይሄዳል ወይም መሬቱ ይሄዳል፣ መተላለፊያው ጠባብነቱን ያጣና ተራ ሰፈር ይመስላል። ፈረስ መጋላ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሰማያዊና ነጭ ፔጆ ታክሲዎቹ ተደርድረው፣ ሰው እየተጋፋ፣ ኑሮው ሁሉ በአግድም ነው የሚሄደው። ሰማዩን ሳትሳሱ ቁረጡትና 3 በ2 ወይም 16 በ9 አድርጉት። የሸዋ በርን ከፊት ለፊት ካነሳችሁት ወደ ካሬ የሚጠጋ ቅርጽ ይስማማዋል፣ ግን በሩ ፊት ያለውን መሬት አትቁረጡ። ሰው የሚገባበት መሬት ከሌለ በሩ በር አይመስልም።

መኪና ግርግር፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያገኘው ሰፈር፣ አንድ ልብስ ሰፊ አንስቼ ነበር። መጀመሪያ ሱቁ ሁሉ እንዲታይ ሰፊ አድርጌ ተውኩት። ጨርቅ፣ ሰው፣ ጃንጥላ፣ ምልክት፣ ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ከዚያ 4 በ3 አድርጌ እስከ እጁ ድረስ ቀረብኩ፤ አውራ ጣቱ ጨርቁን ይዞ፣ መርፌው ከጥፍሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ክሩ ከላይ ተወጥሮ። ፎቶው ያን ጊዜ መጣ። ስትቆርጡ «ምን ልጨምር» ሳይሆን «የትኛው ቢሄድ አይጎድልም» ብላችሁ ጠይቁ።

ማታ ከጀጎል ውጭ ጅብ ሲበላ ያነሳችሁት ፎቶ ካለ ግን በመቁረጥም በማሳደግም ቆጠብ በሉ። በጨለማ የተነሳ ፎቶ ውስጡ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል፣ ስትቆርጡትና ስታሳድጉት አሸዋውም አብሮ ያድጋል። 13 በ18 ይበቃዋል። ከማሳጠባችሁ በፊትም ትንሽ አብሩት፤ ወረቀት እንደ ስክሪን ብርሃን ስለማይሰጥ የታጠበ ፎቶ ብዙ ጊዜ ጠቆር ብሎ ይወጣል።

ድሬዳዋ ለገሃር ግቢ ውስጥ የአሮጌው ባቡር ፎቶ ካላችሁ ደግሞ የጥቅሉን ወረቀት አስታውሱ። ድሬ ራሷ በፈረንጆቹ 1902 የባቡር ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፣ ያን ባቡር በፖስትካርድ ልክ ማነቅ ያሳዝናል። ከላይ ሰማዩን ከታች ጠጠሩን ቆርጣችሁ 3 በ1 አድርጉት፣ 20 በ60 አሳጥቡት። ከሶፋ በላይ ያለ ባዶ ቦታን እንደዚህ ዓይነት ረጅም ፎቶ የሚሞላው የለም።

ሰው ስትቆርጡ መገጣጠሚያ ላይ አትቁረጡ። አንጓ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ሰው የጎደለው ይመስላል። ወገብ ላይ፣ ጭን መሃል ላይ፣ ደረት ላይ ከሆነ ግን ዓይን አይረብሽም። ሰውየው ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ ቀኙን ሰፋ አድርጉለት፣ ከጠርዙ ጋር አፍንጫው አይጋጭ። ሙሽራ ከሆነች ደግሞ የቀሚሱን ጥልፍ መሃሉ ላይ አትግዘሙት፤ ወይ ሙሉውን አስገቡ ወይ ከወገብ በላይ ውሰዱ።

የቱ እንደሚሻል ካልገባችሁ ከጫማ ካርቶን የ«ኤል» ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ሥሩ። ፖስትካርድ የታጠበውን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ሁለቱን እንደ መስኮት አገናኝታችሁ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ እዩ። ስክሪን ላይ ከመነካካት ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቀስ ትላላችሁ። ያማራችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩ፣ ረጅሙን ለአጭሩ አካፍሉ፣ ከላይ ካሉት ወረቀቶች የትኛው እንደሚቀርበው ታያላችሁ።

ግድግዳው

ሱቅ ውስጥ ትልቅ የመሰለ ፍሬም ቤት ሲገባ ያንሳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በምታስቡት ልክ ጋዜጣ ወይም ካርቶን ቆርጣችሁ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉት። ሁለት ቀን ይቆይ። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ማታ መብራት ሲበራ እዩት። ከሶፋ በላይ ከሆነ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሸፍን ያምራል፣ ለአንድ ሜትር ከሰማንያ ሶፋ አንድ ሜትር ከሃያ። አንድ ትልቅ ፎቶ መሆን የለበትም፣ ሦስት 30 በ40 ተጠጋግተው ያንን ይሞላሉ።

ከፍታው ላይ እኛ አካባቢ የተለየ ነገር አለ። አብዛኛው ምክር ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው፣ የፎቶው መሃል አንድ ሜትር ተኩል ላይ ይሁን ይላሉ። እኛ ግን ድሬ ላይ መጅሊስ ላይ ነው የምንቀመጠው፣ ፍራሽ ላይ፣ ትራስ ተደግፈን። ያኔ ዓይናችን ከወለሉ አንድ ሜትር አይሞላም። ሰዓታት የምናሳልፈው እዚያ ከሆነ ፎቶውን ወደ አንድ ሜትር ከሃያ ዝቅ አድርጉት። የሐረር ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው በስፌት፣ በሳህንና በጎድጓዳ መደርደሪያዎች የተሞላ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው። እዚያ ትልቅ ፎቶ ከስፌቶቹ ጋር ይጣላል። ትንሽ 20 በ30፣ ጥቁርና ነጭ ቢሆን የተሻለ፣ ነጭ ጠርዙ ሰፋ ያለ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ። ነደባው ላይ፣ ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ቁጭ ብላችሁ ቦታውን ምረጡ።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ ግን በምንም ዓይነት አትስቀሉ። የድሬ ፀሐይ ቀለም ይመጥጣል።

ስለ ጉርድ ፎቶ ብዙ አልልም፣ የሚጠይቃችሁ መሥሪያ ቤት ልኩን ይነግራችኋል፣ 3 በ4 ይሁን ሌላ። ለዲቪ ግን ካሬ ነው። ቢያንስ 600 በ600 ፒክስል፣ ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ። የድሮ ጉርድ ፎቶ ጎትቶ ካሬ ማድረግ ፊት ያወፍራል። ሰፋ አድርጋችሁ እንደገና ተነሱና ቁረጡት።

የድሮ ፎቶዎች

በአያቴ ሳጥን ውስጥ አንድ ፎቶ ነበር፣ አያቴ ወንዱ ለገሃር በር ላይ ቆመው፣ ኮታቸው ተቆልፎ፣ ባርኔጣ በእጅ። 6 በ9 ሴንቲ ሜትር ናት፣ ዙሪያዋ እንደ ጥርስ የተቆረጠ ነጭ ጠርዝ አላት። 6 በ9 ሲካፈል ያው 1.5 ነው፣ ስለዚህ 20 በ30 ላይ ምንም ሳይነካ ትገባለች። የድሮ ፎቶ ስታሳድጉ መጀመሪያ ይህን ለኩ።

ስታነሷት መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ ላይ አስተኟት። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከፎቶዋ ጋር ትይዩ ያዙት፣ አንዱ ጎን ቀርቦ ሌላው ከራቀ አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ነጩን ጠርዝ አብራችሁ አንሱ፣ ብትፈልጉ በኋላ ትቆርጡታላችሁ። ከ20 በ30 በላይ አትሂዱ፣ ከዚያ በኋላ የሚያድገው ጭረቱና ነጠብጣቡ ነው።

ፎቶ «ማሳጠብ» የምንለው ድሮ በእውነት በውሃ ይታጠብ ስለነበረ ነው፣ ውሃው ጥሩ ካልሆነ ደግሞ ፎቶውን ያበላሸዋል። በፈረንጆቹ 1883 አርተር ራምቦ፣ ግጥሙን ትቶ ሐረር ንግድ ላይ የነበረው ፈረንሳዊ፣ ከሊዮን ባስመጣው ካሜራ ራሱን አነሳ፤ አንዱን ቡና ተክል መሃል፣ አንዱን ሙዝ ተክል መሃል እጆቹን አጣምሮ። ለቤተሰቡ ሲልክ ያጠበበት ውሃ ጥሩ ስላልነበረ ፎቶዎቹ እንደነጡ ጻፈላቸው። ያም ሆኖ አልጠፉም፣ ዛሬም ይታያሉ። ሐረር ውስጥ በስሙ የሚጠራው ቤት ሄዳችሁ ግድግዳው ላይ ያሉትን የድሮ የሐረር ፎቶዎች እዩ፣ ስለ መቁረጥም ትማራላችሁ። የበሩ ጫፍ፣ ያለፈ ሰው ጥላ፣ ዳር ላይ የቆመ ስሙ የማይታወቅ ልጅ፣ ያኔ ቢቆረጥ ማንም የማያዝንበት ነገር ዛሬ ከመሃሉ በላይ ዓይን ይይዛል። ለዚህ ነው የቤተሰብ ፎቶ ስትቆርጡ ዋናውን ፋይል እንዳታጠፉት የምለምናችሁ። የተቆረጠውን ለብቻው በሌላ ስም አስቀምጡ።

የፎቶውን ጀርባም አንሱት። የአያቴ ወንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ድሬዳዋ 1958» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ አንዲት መስመር አለች፣ ግማሿ ጠፍታለች፣ «ለእናቴ» የሚለው ብቻ ይነበባል። እሷን 10 በ15 አሳጠብኩና ፍሬሙ ጀርባ ላይ፣ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኳት።